ከፊት እኔ፣ ከኋላ ጭራሮ

እዚያ ጉዞ ላይ የሄድኩት የልጅ ልጄ ፈተናውን እንድትወድቅ ነው። ከጀርባዋ ያሴርኩት ነገር የለም፤ ፊት ለፊት ነግሬያታለሁ። «እንድትወድቂ እየጸለይኩ ነው» አልኳት።

«ጸልዪ» አለችኝ። «ግን እየቀዘፍሽ ጸልዪ።»

ጭራሮ ነው የምላት። ከተወለደች ጀምሮ ሥጋ የሚባል ነገር ሰውነቷ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቤ፣ የምትጠጣውን ውሃ አፍልቼ፣ መንገድ ስትሻገር በመስኮት እየጮህኩ። እንዲህ አድርጌ ያሳደግኳት ልጅ ታዲያ ምን ልሁን አለች? የወንዝ መሪ። ሰዎችን በታንኳ ጭና፣ ከሐይቅ ወደ ወንዝ፣ ከወንዝ ወደ ሐይቅ እያንከራተተች፣ ጫካ ውስጥ በድንኳን የምታሳድር። ጣራና ወንበር ያለው ስንት ሥራ ሞልቶ!

እኔ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬ፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሆስፒታል አንሶላ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ሰው እንዴት እንደሚጎዳ ሐኪሞቹ ከመጽሐፍ ያውቁታል፤ እኔ የማውቀው ከአንሶላው ነው። ከውሃ የወጣ ሰው የተኛበት አንሶላ ደለል ይይዛል፤ ደጋግመህ ብታጥበውም አይለቅም። ይህን ስነግራት ጭራሮ ምን አለች? «እንግዲያው አንሶላ ይዘን አንሄድም።»

የጉዞ ድርጅቱ ቢሮ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ያለች ክፍል ናት። እርጥብ ገመድና ሙጫ ትሸታለች። መቅዘፊያዎቹ ግድግዳው ላይ እንደ ትልልቅ ማንኪያ ተሰቅለዋል፤ ታንኳዎቹ ግቢው ውስጥ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ተደፍተዋል፤ ይህ ራሱ ጥሩ ምልክት አልመሰለኝም። ፈታኙ ፀሐይ እንደ ጫማ ቆዳ ያለፋችው፣ አጭር፣ ደረቅ ሰውዬ ነው። ሲያናግሩት ዓይኑን እንኳ አያርገበግብም። አብራን የመጣችው ምራቴ ገና ከደጅ ስታየው «ሐውልቱ» አለችው፤ ስሙ ሆኖ ቀረ።

«ከላይኛው ሐይቅ እስከ ከተማው ድልድይ ትመራችኋለች» አለ ሐውልቱ። «ሰውም ዕቃም ሳይጎድል መድረስ አለበት። እኔ ከኋላ እከተላለሁ። ሰው የሚሞት ካልሆነ አልናገርም፤ ማንንም አልረዳም። ካልታዘዛችኋት መሪ አይደለችም ማለት ነው፤ ፈተናው እዚያው ላይ ያበቃል።»

የምትመራቸው ሰዎች ታንኳ ቀዝፈው የማያውቁ መሆን አለባቸው። ጭራሮ ጓደኞቿን ለምና ነበር፤ አንዷን ጉንፋን ያዛት፣ አንዱን ፍቅር ያዘው። ስለዚህ ዕጣው ቤተሰብ ላይ ወደቀ፦ እኔ፣ ልብስ ሰፊው ልጄና ፀጉር ሠሪዋ ሚስቱ። ልጄ ከመቀሱ በፊት ሆዱ ጠረጴዛው ጋ የሚደርስ ሰው ነው። ሱቁን ዘግቶ የመጣው ለእህቱ ልጅ ብሎ ነው። ምራቴ የመጣችው ፎቶ ልትነሳ ነው፤ እሷም አልደበቀችም።

ሁለት ታንኳ ሆነን ተነሳን። በአንዱ እኔ ከፊት፣ ጭራሮ ከኋላ። በሌላው ምራቴ ከፊት፣ ልጄ ከኋላ፤ ሆዱ ከኋላ ስለሆነ የታንኳው አፍንጫ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ምራቴ ዙፋን ላይ የተቀመጠች መሰለች። ሐውልቱ በራሱ ትንሽ ታንኳ፣ እንደ ዕዳ ከኋላችን ይመጣል።

ከፊት የሚቀመጥ ሰው ይቀዝፋል፣ ውሃ ውስጥ ያለ ድንጋይም አይቶ ይናገራል። ከኋላ ያለው አቅጣጫ ይይዛል። እኔ ድንጋይ በማየት የሚበልጠኝ አልነበረም። የሌለውንም አይ ነበር።

«ድንጋይ!»

«እምዬ፣ እሱ ጥላ ነው።»

«ጥላም ቢሆን የድንጋይ ጥላ ነው። ዙሪ!»

«እባክሽ እምዬ፣ ትንሽ ዝቅ በይልኝ። አትነሺ። እባክሽ።»

ይህን «እባክሽ» ልብ በሉልኝ። ልጅቱ ወንዙን እንደ መዳፏ ታውቀዋለች፤ የት እንደሚጠልቅ፣ የት እንደሚገለብጥ። ለሰው መናገር ላይ ግን ማር ነች። አጎቷ መቅዘፊያውን ገልብጦ በእጀታው ሲቀዝፍ «ጎበዝ አጎቴ፣ ግን ምናልባት በሌላኛው በኩል ብትሞክረው» ትለዋለች። ምራቴ በነፋስ መሃል ቆማ ከንፈሯን ስትቀባ «ቀለሙ ያምርብሻል፣ ግን ብትቀመጪ ደስ ይለኝ ነበር» ትላታለች። ምራቴ «ቀለሙ ያምርብሻል» የሚለውን ብቻ ሰማች።

ነገሩ የተበላሸው ግን ውሃው ላይ አይደለም፤ የብስ ላይ ነው።

ወንዙ ፏፏቴ ሲሆን፣ ወይም ሁለት ሐይቆች ሳይገናኙ ሲቀሩ፣ ታንኳውንም ጓዙንም ተሸክሞ በእግር ማለፍ ግድ ነው። እነሱ የሸክም መንገድ ይሉታል። ታንኳውን ገልብጠው ትከሻቸው ላይ ያደርጉታል፤ ከወገብ በላይ ጀልባ፣ ከወገብ በታች ሰው የሆነ ፍጥረት ጫካ ውስጥ ሲሄድ ታያላችሁ። ከሥሩ ያለው ሰው የገዛ እግሩን እንጂ ሌላ አያይም። ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፦ እያንዳንዱ ዕቃ አንድ ተሸካሚ አለው፤ የሌላውን ማንም አይነካም።

ይህ ደንብ እኛ ቤት አይሠራም። እኛ ቤት ሰው ዕቃ ይዞ ዝም ብሎ አይታይም። አንዱ ዘንቢል ካነሳ ሌላው ይቀማዋል፤ ካልቀማው ተቀይሞታል ማለት ነው። ልጄ እንዳገባ ሰሞን ምራቴ አንድ ባልዲ ውሃ አንስታ፣ እኔ ስቀማት፣ ልጄ ሲቀማኝ፣ ውሃው ደረጃው ላይ አልቆ ባዶ ባልዲ ገብቶልናል። ማንም አልተናደደም። እንዲያውም እንዴት እንደሚተሳሰቡ ብሎ ጎረቤት አወራልን።

የመጀመሪያው የሸክም መንገድ ላይ የውሃ ጀሪካኑን አነሳሁ።

«አምጪ እማዬ!» አለ ልጄ፣ ግማሽ ታንኳ ትከሻው ላይ ሆኖ።

«ተው፣ ቀላል ነው።»

«በሞቴ አምጪ!»

«አንተ ወገብህን እያመመህ? ምራቴ ትይዘዋለች።»

«ኧረ እኔ እያለሁ እንዴት ይይዛሉ እማማ!» ብላ ምራቴ ሁለታችንንም ቀማችን፤ ይዛው የነበረውን ገመድ ግን መሬት ጣለችው። ገመዱን እኔ አነሳሁ። ልጄ ገመዱን ሲቀማኝ ታንኳው ከትከሻው ወርዶ ዛፍ ገጨ።

«እባካችሁ» አለች ጭራሮ። «በየፊናችን ብንይዝ...»

«አንቺ ደግሞ ባዶ እጅሽን ሂጂ፣ ታንኳው ይበቃሻል» ብሎ አጎቷ መቅዘፊያዋን ቀማት። ሐውልቱ ከኋላ ቆሞ ያያል። የሆነ ነገር አኘከ፤ ምላሱን ይመስለኛል።

በሁለት ሐይቆች መሃል ባለችው አጭር መንገድ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። የድንኳኖቹን ከረጢት የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ልጄ ቀማኝ። ምራቴ ከሱ ቀማች። እሱ መልሶ ቀማት፤ የያዘችው ድስትም እንደሚከብዳት አይቶ ከረጢቱን አንድ ድንጋይ ላይ አስቀመጠና ድስቱን ቀማት። ከዚያ ሁላችንም እርስ በርስ እየተመራረቅን ታንኳ ውስጥ ገባን፤ ሐይቁን ተሻገርን። ወዲያ ማዶ የምናድርበት ሜዳ ስንደርስ ሰማዩ ጠቁሮ ነፋስ ተነስቷል።

«ድንኳኖቹ የታሉ?» አለች ጭራሮ።

«እማዬ ጋ ናቸው» አለ ልጄ።

«ከኔማ ቀማኸኝ!»

«እኔ ለሷ...»

«ለኔ? ከኔ አይደል እንዴ የነጠቅከኝ፣ ኧረ በስመ አብ!»

ጭራሮ ሦስታችንንም እያፈራረቀች አየችን። ከንፈሯን ነከሰች። አሁን ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ። «ችግር የለም» አለች። «እኔ አመጣዋለሁ። እናንተ አትጨነቁ፤ እባካችሁ ዝናቡ ሳይመጣ እሳት አያይዙ።» ብቻዋን ታንኳው ውስጥ ገብታ ወደዚያ ነጭ ነጭ ወደሚተፋ ውሃ ቀዘፈች።

እኔ ምን ሆንኩ? እንጃ። እግሬ ውሃው ውስጥ ነበር። ታንኳዋ ከማዕበሉ ጀርባ ትጠፋለች፣ ትወጣለች፣ ትጠፋለች። ሐውልቱ ግንድ ላይ ተቀምጦ ካልሲውን ይጨምቃል።

«አንተ!» አልኩት። «ከኋላችን ነበርክ። ከረጢቱን ድንጋዩ ላይ አይተኸዋል!»

«አይቻለሁ።»

«እና?»

«አልናገርም ብያለሁ።»

«ሰው ሊሞት ሲል እናገራለሁ ብለሃል! ይኸው ልትሞት ነው፣ ተናገራ!»

ካልሲውን አስቀመጠና ሐይቁን አየ። «አትሞትም። ትችለዋለች» አለ። «ግን እናቴ፣ ልንገርዎት። የሚታዘዘው ያጣ መሪ ሁሉንም ራሱ ነው የሚሠራው። ዛሬ ድንኳን ነው። ሌላ ቀን ነፋሱ ከዚህ ይብሳል። ነገ ትልቁ ፏፏቴ ጋ የሸክም መንገዱ እንደዚህ ከሆነ አበቃ፤ ወደ ቤታችሁ ነው።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የመጣሁበት ጉዳይ ሊሞላልኝ ነው። ፈጣሪም ለአንድ ጊዜ ጆሮውን ሰጥቶኛል፤ ስለ ጉልበቴ ስጸልይ የት ነበር አልኩ በሆዴ።

ጭራሮ ከረጢቱን ይዛ ሳይጨልም ተመለሰች፤ ከፀጉሯ እስከ ጫማዋ ውሃ ነበረች። ድንኳኑ ሲተከል ወደ ውስጥ ጎትቼ በፎጣ ጭንቅላቷን እንደ ድስት እፈትጋት ጀመር።

«ሐውልቱ ነገ እንዲህ ከሆነ አበቃ አለ» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«እንግዲህ ጸሎቴ ሊሰማ ነው።»

ከፎጣው ሥር ሳቀች። «እምዬ፣ ብወድቅ እኮ በሚመጣው ዓመት ደግሜ እፈተናለሁ። ያኔም ብወድቅ በሌላው ዓመት። ከዚህ ወንዝ የሚያወጣኝ የለም። ጸሎትሽን ለሌላ ነገር ቆጥቢው።»

እጄ ፎጣው ላይ ቆመ። ቀልድ እንዳልሆነ አወቅኩ፤ እናቷም ቁርጥ ነገር ስትናገር እንዲሁ ነበር የምትስቀው። እንግዲህ ልጅቱ ከወንዙ ካልወጣች፣ ዛሬ ያየሁት ነው የዘላለም ኑሮዋ፦ ሌላው ያጠፋል፣ እሷ «ችግር የለም» ብላ ብቻዋን ማዕበል ውስጥ ትገባለች። ይህን ጨዋነት ያስተማርኳት ደግሞ ሌላ ማንም አይደለም። ፎጣውን ወረወርኩት። መሄዷ ካልቀረ ባለጌ ሆና ትሂድ!

«ለምን አትቆጪንም?» አልኳት።

«ማንን? እናንተን? ትልቅ ሰው ላይ ስጮህ ምላሴ ይታሰራል።»

«ፍቺዋ! በኔ ጀምሪ። እስቲ አሁን ቆጪኝ።»

«እምዬ፣ እባክሽ ተቀመጪ።»

«ይሄ ቁጣ ነው? ይሄ የሰርግ ጥሪ ነው! ደግመሽ።»

«ተቀመጪ... የኔ እናት።»

«የኔ እናትን ምን አመጣት? አውጪያት!»

ከጎናችን ካለው ድንኳን ልጄ «ምን ሆናችሁ ነው? ላምጣላችሁ?» አለ።

«ምኑን?» አለች ምራቴ።

«እንጃ፣ ብቻ ላምጣላቸው።»

በማግስቱ ትልቁ ፏፏቴ ጋ ደረስን። ድምፁ ደረት ውስጥ ይገባል። መንገዱ በጎኑ ሽቅብ ይወጣል፣ ድንጋይና ሥር ብቻ ነው፤ ከላይ ሜዳ ይሆንና እንደገና ቁልቁል ይወርዳል። ገና ታንኳዎቹን እንዳወጣን ልጄ የኔን ጀሪካን፣ ምራቴ የልጄን ከረጢት ይዘዋል።

«ስሙኝ» አለች ጭራሮ። ድምፅዋ የትንኝ ነበር። ማንም አልሰማም። ወደ እኔ አየች፤ እኔ ዓይኔን አፈጠጥኩባት።

መቅዘፊያውን አንስታ ድስቱን በኃይል መታችው።

«አጎቴ! እጅህን ከሷ ዕቃ ላይ አንሳ!»

የፏፏቴው ድምፅ እንኳ ዝቅ ያለ መሰለኝ። ልጄ ጀሪካኑን እንደ ጋለ ካውያ ለቀቀው። ጭራሮ ራሷም ደንግጣ አፏ ክፍት ነበር፤ ግን ከተከፈተ አይቀር ብላ ቀጠለች። አጎቷ ታንኳውን ብቻ። ምራቴ ድንኳኖቹንና ገመዱን። መቅዘፊያውንና ጀሪካኑን እሷ ተመልሳ ታመጣለች። ከዚያ የምግቡን ከረጢት አንስታ ጀርባዬ ላይ አደረገችው፤ ዱቄቱ፣ ድንቹ፣ ድስቱ ሳይቀር።

«እኔ?» አልኩ።

«አንቺ። ሲደክምሽ አውርጂና ተቀመጪበት፤ የሚያስቸኩል የለም። ግን ለማንም አትሰጪም፣ ጥለሽውም አትሄጂም።»

«በአሮጊት ጀርባ ላይ?» አለ ልጄ። «ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የለም አጎቴ። ያለው ዛፍ ነው። ሂድ።»

ሄደ። ከሥሩ እግር ያበቀለው ታንኳ «ይሄ ነገር ትክክል አይደለም» እያለ እያጉረመረመ ዳገቱን ወጣ። ጭራሮም የራሷን ታንኳ ተሸክማ ተከተለችው። እኔ ቀረሁ፤ ጉልበቶቼ ከአንሶላ ክፍሉ ጀምሮ ያጠራቀሙትን ስድብ ሁሉ አወረዱብኝ። ጥቂት እንደሄድኩ ምራቴ ከኋላዬ ደርሳ አንሾካሾከች።

«እማማ፣ አምጡት። እሷ ታንኳ ሥር ነች፣ አታይም።»

ልሰጣት ነበር። ማሰሪያውን ከአንድ ትከሻዬ አውርጃለሁ። ሐውልቱ ከታች በኩል እየመጣ ነው፤ ስሰጣት ያያል፤ ያበቃል፤ ጭራሮ ዛሬውኑ ቤቷ ትገባለች፣ ደረቅ ካልሲ አድርጋ። ከዚያስ? በሚመጣው ዓመት ያቺ ታንኳ እንደገና ከማዕበሉ ጀርባ ትጠፋለች፤ ያኔ ደግሞ እኔ ዳር ላይ ቆሜ አላያትም።

«ሂጂ ከዚህ!» አልኳት ምራቴን። «የራስሽን ያዢ!»

ሴትዮዋ እኔ እንደዚህ ስናገራት ሰምታ ስለማታውቅ ዳገቱን ሮጠችው። እኔ ከረጢቱን አውርጄ ላዩ ላይ ተቀመጥኩ። ድንቹ ቆረቆረኝ።

ሐውልቱ ደረሰ። ታንኳውን መንገዱ ላይ አስቀመጠና ቆመ። ላቤን አየ። ጉልበቴን ስይዝ አየ። እንደምንም ተነስቼ ከረጢቱን ላዝል ስታገል፣ አንዴ ወደ ሰማይ፣ አንዴ ወደ ጫማው አየ።

«አልናገርም ብለህ አልነበር? ምን ትቁነጠነጣለህ?» አልኩት።

«አልተናገርኩም።»

እንደገና ሞከርኩ፤ ከረጢቱ መልሶ አስቀመጠኝ። በዚህ ጊዜ ያ ድንጋይ ፊት ተሰነጠቀ።

«ኧረ እኔ አልችልም! ይሄንን ቆሜ ሳይ እናቴ ከመቃብር ተነስታ በጥፊ ትመታኛለች!» ብሎ ከረጢቱን ነጠቀኝ።

«ልቀቅ!»

«በሞቴ እናቴ፣ እስከ ሜዳው ድረስ ብቻ!»

«ፈታኝ አይደለህ እንዴ? ልቀቅ ብያለሁ!» እኔ በአንዱ ማሰሪያ፣ እሱ በሌላው፣ እንደ ሁለት ፍየል እንጓተታለን። አንድ ድንች ወጥቶ ቁልቁል ተንከባለለ።

«ምንድነው እሱ?»

ጭራሮ ናት፤ የቀረውን ዕቃ ልትወስድ ስትመለስ ደርሳ። ሐውልቱ ከረጢቱን እንደያዘ ደርቆ ቀረ፤ አሁን በእርግጥ ሐውልት ሆነ።

«ያስቀምጡት» አለች።

«እሳቸው እኮ ደክመዋል...»

«ሲደክማቸው የሚያደርጉትን ነግሬያቸዋለሁ። የዚህ መንገድ መሪ ማን ነው? እርስዎ ነዎት እኔ?»

«አንቺ» አለ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ።

«እንግዲያው ያስቀምጡት። ታንኳዎ ደግሞ መንገድ ዘግቷል፤ ሰው ይሰናከልበታል። ያንሱት!»

አነሳ። እኔ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ስስቅ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ምን ያስቅሻል? ውሃ ጠጪ። ትንፋሽሽ ሲመለስ ተነሺ። ያንን ድንች ማን ነው የሚያነሳው?»

ድንቹን ራሷ አነሳችው። ከዚያ ወዲያ ምላሷ አልታሰረም። እስከ ድልድዩ ድረስ ቁም ስቅላችንን አሳየችን። «አጎቴ፣ ቅዘፍ እንጂ ውሃውን አትደብድበው!» «ከንፈር መቀባት የብስ ላይ ነው!» እኔ ድንጋይ ባልኩ ቁጥር «የቱ ጋ? በእጅሽ አሳዪኝ!» ትላለች፤ ማሳየት ስላቃተኝ ቁጥሩን ቀነስኩ።

ድልድዩ ሥር ስንደርስ ከላያችን መኪና ያጓራል። እንደዚያ የመኪና ጥሩምባ ናፍቆኝ አያውቅም። ጭራሮና አጎቷ ታንኳዎቹን የጭነት መኪናው ላይ ሲያስሩ ሐውልቱ እያንዳንዳችንን ለብቻ እየጠራ አንድ ጥያቄ ጠየቀን። ከሰዎቹ አንዱ እንኳ አይሆንም ካለ አላሳልፋትም አለ። ልጄ ጥያቄው ሳያልቅ «አዎ» አለ። ምራቴ «አዎ፣ ግን ፀጉሬን ተመልከተው» አለችው። ከዚያ እኔ ተራዬ ሆነ።

«እናቴ፣ ልጅዎን ከዚህች መሪ ጋር ወንዝ ላይ ይልካሉ?»

እኔ ብቻ ቀርቻለሁ ማለት ነው። አንዲት «አይ» ትበቃለች። ጭራሮ ከመኪናው ላይ ሆና ገመድ እየጎተተች አየችኝ፤ ምን እንደምጠየቅ ታውቃለች። ዓይኗን ከኔ ላይ አልነቀለችም፣ አልለመነችኝምም።

«እኔ ልጄን ከማንም ጋር ወንዝ ላይ አልልክም» አልኩት። «ዳቦ ቤት ስልካት እንኳ በመስኮት እከተላት ነበር።»



«ግን መላኩ ግድ ከሆነ» አልኩ፣ «ከሷ ጋር ትሂድ። ከሌላ ጋር አይሆንም። ከአንተ ጋርማ ጭራሽ፤ አንተ ዕቃ ትቀማለህ።»

«አዎ ማለት ነው?»

«አዎ ነው። ወንዙን ግን አልወደድኩትም። ያ ትልቁ ፏፏቴ ደግሞ አጥር ያስፈልገዋል።»

«እነግርልዎታለሁ።»

«ለማን?»

«ለፏፏቴው» አለ። ጥርስ እንዳለው ያወቅኩት ያኔ ነው። ልመልስለት አፌን ስከፍት ጭራሮ ከመኪናው ላይ ጮኸች።

«እናንተ ወሬኞች! ዝናብ መጣ፣ መኪናው ላይ ውጡ!»

ሁለታችንም ሮጥን።